ማንም አፉን ያልፈታበት ቋንቋ

(የዚህ ክፍል ሙሉ ጽሑፍ)

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ቋንቋ ነው። ሰዋስው አለው፣ መዝገበ ቃላት አለው፣ የራሱ አጻጻፍ አለው፤ ግን በዓለም ላይ አፉን የፈታበት ሰው የለም። ስሙ ብሪቴኒግ ነው። አንድሩ ስሚዝ የሚባል የኒውዚላንድ ሰው በ1996 ለራሱ ደስታ ብሎ የፈጠረው ነው። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሰውዬው የተነሣበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ሮማውያን ብሪታንያን ለቀው ሲሄዱ ቋንቋቸው ላቲን በሕዝቡ አፍ ላይ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ምን ይመስል ነበር?

ቋንቋ መፍጠር ሲባል ለብዙ ሰው የሚመስለው ቁጭ ብሎ ደስ ያለውን ድምፅ መደርደር ነው። እንዲህ ያለም አለ። ብሪቴኒግ ግን እንደዛ አይደለም። ስሚዝ የላቲኑን ቃል ያነሣል፣ በድምፅ ለውጥ ሕጎች በተራ በተራ ያሳልፈዋል፣ መጨረሻ ላይ የወጣውን ይጽፋል። እንደ ወፍጮ ነው፤ እህሉ ከላይ ይገባል፣ ዱቄቱ ከታች ይወጣል። ታዲያ ቋንቋ በእውነት በወፍጮ ያልፋል ወይ? እኔን የያዘኝ ይሄ ጥያቄ ነው። ምክንያቱም የሚያልፍ ከሆነ፣ «እናንተ ልጆች ቋንቋውን አበላሻችሁት» የሚለው፣ ሁላችንም ቤት ውስጥ የምናውቀው ወቀሳ ሌላ መልክ ይይዛል።

መልሱን ከሩቅ አንፈልግ። አማርኛና ዕብራይስጥ የምትናገሩ ከሆነ፣ አንድ ሕግ ሳታውቁት አፋችሁ ውስጥ ይዛችሁ ትዞራላችሁ። አማርኛው «ወለደ» ሲል ዕብራይስጡ «ያላድ» ይላል። «ወረደ» ሲል «ያራድ»። «ወረሰ» ሲል «ያራሽ»። «ወይን» ሲል «ያይን»። እኛ «ወር» የምንለው፣ በግዕዝ «ወርኅ» የሆነው፣ በዕብራይስጥ «ያሬኣኽ» ሆኖ ጨረቃን ይጠራል። ልብ በሉ፣ ይሄ ቃልና ቃል በአጋጣሚ መመሳሰል አይደለም። ዕብራይስጥ በጥንት ዘመን በቃል መጀመሪያ ላይ የነበረውን «ወ» ወደ «የ» ለወጠ፤ ከጥቂት ቃላት በስተቀር ያገኘውን ሁሉ ለወጠ። የኛ ወገን ደግሞ «ወ»ን እንደያዘ ቀረ። ማንም ስብሰባ ጠርቶ አልወሰነውም፣ ማንም አዋጅ አልነገረበትም። ሲለወጥም የኖረበት ሰው ያወቀው አይመስለኝም።

በ1878 ሄርማን ኦስትሆፍና ካርል ብሩግማን የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን ይህን ነገር በድፍረት ጻፉት፦ የድምፅ ለውጥ ሕግ የሚለየው ቃል የለውም። አንድ ድምፅ በአንድ አካባቢ፣ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ዓይነት ቦታ ላይ ከተለወጠ በሁሉም ቃል ውስጥ ይለወጣል። የቀረ ቃል ካለ ምክንያት ፈልጉለት፤ ወይ ከውጭ የመጣ ነው፣ ወይ ሌላ ሕግ ቀድሞታል፣ ወይ ሰዎች ከሌላ ቃል ጋር አመሳስለውታል። በዘመናቸው ብዙ ተወቅሰዋል፤ ሥራው ግን እስከዛሬ የሚሠራው በዚህ እምነት ነው።

እና ይህን ሕግ ይዛችሁ ቃል ለመገመት ብትሞክሩስ? ብዙዎቻችን ኡልፓን የሚማሩ ዘመዶቻችንን ስናስጠና ሞክረነዋል። «ስም» ወደ «ሼም»፣ «ሰማይ» ወደ «ሻማይም»፣ «ራስ» ወደ «ሮሽ» ያደርሳችኋል፤ ሳባባ። «ውሻ» ላይ ስትደርሱ ግን መንገዱ ይቋረጣል። ዕብራይስጡ «ኬሌቭ» ነው፣ ግዕዙም «ከልብ» ነው፤ አማርኛ ያንን ቃል የሆነ ጊዜ ላይ ጥሎ ሌላ ያዘ። ሕጉ አልተሳሳተም፤ የሚያሳልፈው እህል ነው ያጣው። ይህቺን ውሻ ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልጋታለን።

አሁን ወደ ላቲን እንሂድ።

ላቲን ወተትን «ላክቴም» ይል ነበር፤ ሌሊትን «ኖክቴም»፣ ስምንትን «ኦክቶ»። ሦስቱም ውስጥ «ክት» አለ። «ክ»ና «ት»ን አከታትሎ መጥራት ለአፍ ድካም ነው፤ እያንዳንዱ አገር ድካሙን በራሱ መንገድ አቃለለ። ጣሊያን «ክ»ን ውጦ «ት»ን አጠበቀ፦ ላቴ፣ ኖቴ፣ ኦቶ። ስፔን ሁለቱን አዋህዶ «ች» አደረገ፦ ሌቼ፣ ኖቼ፣ ኦቾ። ፖርቱጋል «ክ»ን ወደ «ይ» አለዘበች፦ ሌይቴ፣ ኖይቴ፣ ኦይቱ። ሩማንያ ደግሞ ማንም ያላሰበውን አደረገች፣ «ክ»ን ወደ «ፕ»፦ ላፕቴ፣ ኖአፕቴ፣ ኦፕት። ሠንጠረዥ አድርጋችሁ ብትጽፉት ቁልቁልም አግድምም ይገጥማል። ሩማንያኛ አንድም ቀን ተምራችሁ አታውቁም፤ ግን «ፔክቱስ»፣ ማለትም ደረት፣ እዚያ ምን እንደሚሆን አሁን መገመት ትችላላችሁ። «ፒዬፕት» ነው። አናባቢውን ላትመቱት ትችላላችሁ፤ «ፕት»ን ግን እርግጠኛ ናችሁ።

ሌላው ዝነኛ ለውጥ የ«ክ» ነው። የጥንቱ ላቲን «ክ»ን በየትኛውም አናባቢ ፊት «ክ» ብሎ ነበር የሚጠራው። ምስክሩ እዚሁ አገራችን ባሕር ዳር ቆሞላችኋል። ሄሮድስ ለአውግስጦስ ቄሳር ክብር ብሎ ወደብ ሠራ፤ ስሙን ዛሬም «ኬይሳርያ» እንለዋለን፣ በ«ክ»። አማርኛም «ቄሳር» ይላል። ሁለቱም ቋንቋዎች ስሙን በግሪክ በኩል የወሰዱት ድምፁ ገና ሳይለሰልስ ነው፤ በረዶ ውስጥ እንዳስቀመጡት ሥጋ ሳይለወጥ ቆየላቸው። በባለቤቶቹ ቤት ግን ተለወጠ፤ ጣሊያኖች ያንኑ ሰውዬ «ቼዛሬ» ይሉታል። መቶ፣ በላቲን «ኬንቱም» የነበረው፣ በጣሊያን «ቼንቶ»፣ በስፔን «ሲዬንቶ»፣ በፈረንሳይ «ሳን» ሆነ። ሰርዲንያ ደሴት ላይ ሰዎቹ ከሁሉ ተነጥለው «ኬንቱ» እንዳሉ ቀሩ። ሰማይንም «ኬሉ» ይላሉ፣ ጣሊያኑ «ቼሎ» በሚልበት። ይህችን ሰርዲንያ አስታውሷት፤ ለብሪቴኒግ ጥብቅና ትቆማለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን መምህራን ዝም አላሉም። «አፔንዲክስ ፕሮቢ» የሚባል የላቲን ዝርዝር ደርሶናል፤ 227 እርማቶች አሉት፣ ሁሉም «እንዲህ በል፣ እንዲያ አትበል» የሚል ዓይነት። ተማሪው «ሙቅ» ለማለት «ካሊዳ» እንዲል ይታዘዛል፤ «ካልዳ» ማለት ስሕተት ነው። ጆሮን «አውሪስ» እንዲል ይታዘዛል፤ «ኦሪክላ» ማለት ነውር ነው። መምህሩ ልፋቱ ከንቱ ቀረ። ዛሬ ሮም ውስጥ የሞቀ ውሃ «ካልዳ» ነው። የጣሊያኑ «ኦሬክዮ»፣ የስፔኑ «ኦሬኻ»፣ የፈረንሳዩ «ኦሬይ» ሁሉም ጆሮ ናቸው፣ ሁሉም የተወለዱት ከዚያ ከተከለከለው ቃል ነው። የሚገርመው ደግሞ፣ ያ ተቆጪ መምህር ባይኖር ኖሮ ተራው ሕዝብ ምን ይል እንደነበር በዚህ መጠን ባላወቅን ነበር። ባለውለታችን ሳያስበው ሆነ።

እንግዲህ ብሪታንያ። ሮማውያን ደሴቲቱን የያዙት በ43 በቄሳር ቀላውዴዎስ ዘመን ነው፤ አገዛዛቸው ያበቃው በ410 አካባቢ ነው ይባላል። ከ350 ዓመት በላይ ማለት ነው። ላቲን የወታደርና የግብር ሰብሳቢ ቋንቋ ብቻ አልነበረም። በሰሜን በቪንዶላንዳ ምሽግ በቀጫጭን እንጨት ላይ የተጻፉ ደብዳቤዎች ተገኝተዋል። አንዷ፣ ክላውዲያ ሴቬራ የምትባል ሴት፣ በ100 ዓ.ም. ገደማ ጓደኛዋን ለልደት ቀኗ ትጠራታለች። በባዝ ከተማ ፍልውሃ ውስጥ ደግሞ 130 የሚያህሉ የእርሳስ ቁራጮች ወጥተዋል፤ እርግማን ናቸው። ካባዬን የሰረቀ፣ የእጅ ሹራቤን የወሰደ ይህ ይድረስበት እያሉ ለአምላካቸው የተሳሉ ሰዎች ናቸው የጻፏቸው። ሰው በተሰረቀ ልብስ ተናዶ የሚረግምበት ቋንቋ፣ እንግዲህ፣ የቢሮ ቋንቋ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ግን አልቀረም። በጎል፣ ማለትም በዛሬዋ ፈረንሳይ፣ ላቲን የአካባቢውን የኬልት ቋንቋ ውጦ ፈረንሳይኛ ሆነ። በብሪታንያ የምሥራቁን ሜዳ እንግሊዝኛ ወሰደው፣ በምዕራብ ተራሮች የኬልቱ ቋንቋ ተርፎ ዌልሽ ሆነ። ላቲን ከሁለቱም መሃል ወደቀ። የተረፈው ቅሪት ነው፦ ዌልሽ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ የላቲን ቃላት አሉ፣ በሮማውያን ዘመን ገብተው የቀሩ።

እነዚህ ቃላት ናቸው የጨዋታው ሁሉ ቁልፍ። ዌልሽ አፍ ውስጥ ከገቡ በኋላ ዌልሽ ያለፈበትን የድምፅ ለውጥ ሁሉ አብረው አልፈዋል። ድልድይ «ፖንቴም» ነበር፣ «ፖንት» ሆነ። መጽሐፍ «ሊብሩም» ነበር፤ መሃል ያለው «ብ» ወደ «ቭ» ለዝቦ፣ መጀመሪያ ያለው «ል» ደግሞ ምላስን ለ«ል» አዘጋጅቶ ትንፋሽ ብቻ ወደሚያስወጡበት የዌልሽ ድምፅ ተለውጦ «ህሊቭር» ሆነ። «ዊኑም»፣ ወይን ጠጅ፣ «ግዊን» ሆነ፤ የላቲኑ «ው» ፊት «ግ» በቀለበት። ወህኒ ቤት «ካርኬር» ነበር፣ «ካርኻር» ሆነ። ሰም፣ ማለት የሻማው ሰም፣ «ኬራ» ነበር፤ ጣሊያን «ቼራ»፣ ፈረንሳይ «ሲር» ሲሉት ዌልሽ «ኩይር» ብሎ «ክ»ን ጠበቀ። ሰርዲንያ ብቻዋን አልነበረችም። ከላይ ያየነው «ላክቴም»ስ? እዚህ ወተት «ህላይ...» ብሎ ይጀምርና መጨረሻው ላይ ምላስን በጥርስ መሃል አድርገው የሚያወጡት ድምፅ አለ፣ እንግሊዞች «ሦስት» ሲሉ የሚጀምሩበት፤ እኛ ፊደል የለንም። ጣሊያን «ት»ን ሲያጠብቅ፣ ስፔን «ች» ሲል፣ ሩማንያ «ፕት» ሲል፣ ዌልሽ ይሄን መረጠ። ሠንጠረዡ ላይ አንድ ረድፍ ተጨመረ ማለት ነው።

አንድሩ ስሚዝ ያደረገው ይህን ነው። በእንግድነት የገቡት ቃላት ያለፉበትን መንገድ አየና፣ ቀሪውን ላቲን በሙሉ በዚያው መንገድ ሰደደው። አባት፣ «ፓትሬም»፣ በብሪቴኒግ «ፓድር» ነው። ሰማይ «ኬል» ነው፣ በ«ክ»። የላቲኑ «ፋክቱም»፣ «የተሠራ» ማለት ነው፣ ልክ እንደ ዌልሹ ወተት መጨረሻው ወደዚያ የጥርስ ድምፅ ሄደ። የሚያነበው ሰው መጀመሪያ ዌልሽ ይመስለዋል። ቀረብ ብሎ ሲያየው የስፔንኛ ዘመድ ነው።

በጣም የወደድኩት ግን ሌላ ነገሩን ነው። በዌልሽ የቃሉ የመጀመሪያ ድምፅ ከፊቱ በሚመጣው ቃል ምክንያት ይለዝባል። ድልድይ «ፖንት» ነው ብለናል፤ «ድልድዩ» ለማለት ግን «ኧ ቦንት» ይላሉ፣ «ፕ» ወደ «ብ» ይሄዳል። ብሪቴኒግም እንዲሁ፦ ምድር «ቴር» ነው፣ ከፊቱ «ህላ» ሲመጣ «ህላ ዴር» ይሆናል። «ኬል»ም «ጌል» ይሆናል። ለእንግሊዝ ተማሪ ይሄ ራስ ምታት ነው። ለእኛ ግን ምን አዲስ ነገር አለው? «ካታቭ» ያለ ልጅ «ይኽቶቭ» ይላል፣ «ፓታኽ» ያለ «ይፍታኽ» ይላል። በሃዳሾት ላይ ጠንቃቃው ዜና አንባቢ «ኬሌቭ»ን «ቬኼሌቭ» ሲያደርገው ትሰማላችሁ፤ መንገድ ላይ ማንም እንደዛ አያወራም። መነሻው አንድ ዓይነት ነው፦ አናባቢ ያለፈበት ተነባቢ ጉልበቱን ያጣል። ዌልሽና ዕብራይስጥ ዘመዳሞች አይደሉም፤ አፍ ግን አፍ ነው።

አሁን ክርክሬን ላቅርብ። ብሪቴኒግ በጣም ያምራል፤ ነገር ግን አንድ ነገር ሳያረጋግጥ ይዞ ተነሥቷል። ላቲን ብሪታንያ ውስጥ ቢቀር ኖሮ፣ ዌልሽ ያለፈበትን ለውጥ አንድ በአንድ ይከተል ነበር ያለው ማነው? የአገሬው አፍ አዲሱን ቋንቋ ይቀርጸዋል የሚለው ሐሳብ የቆየ ነው። ስፔን «ሉፑም» የሚለውን ተኩላ «ሎቦ» ስትል፣ «ዊታ» የሚለውን ሕይወት «ቪዳ» ስትል፣ ይህን ማለዘብ ያስተማሯት ከላቲን በፊት በምድሯ ላይ የነበሩ ኬልቶች ናቸው የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ አይደለም የሚሉም አሉ፣ ክርክሩ አልተዘጋም። ስሚዝ አንዱን ወገን ይዞ ሙሉ ቋንቋ ገነባበት። ለጨዋታ ሲሆን መብቱ ነው። እኔ ግን ብሪቴኒግን የምወስደው «ይህ ይሆን ነበር» ብዬ አይደለም። «ይህ ቢሆን ኖሮ ሕጉ ይፈቅድ ነበር» ብዬ ነው።

የእሱን ፈለግ የተከተለ ሌላም አለ። ያን ፋን ስቴንበርገን የሚባል የኔዘርላንድ ሰው በ2002 ቬኔዲክ የሚባል ቋንቋ ፈጠረ፤ ላቲንን በፖላንድኛ ወፍጮ ያሳለፈ። እዚያ ሰማይ የሚለው ቃል በ«ች» ይጀምራል። ሮማውያን ፖላንድን ገዝተው አያውቁም፤ ስለዚህ ቬኔዲክ ከታሪክ ይልቅ ወደ ሕልም ያደላል። አንድ ላቲን፣ ሁለት ወፍጮ፤ አንዱ «ኬል» አወጣ፣ ሌላው በ«ች» አወጣ።

ውሻዋን አምጡልኝ አሁን። ወፍጮ የገባለትን ይፈጫል፤ ምን እንደሚገባ አይመርጥም። ላቲን እሳትን «ኢግኒስ» ይል ነበር፤ «ፎኩስ» ደግሞ ምድጃ ነው። ሕዝቡ ግን ስለ እሳት ሲያወራ ምድጃውን መጥራት ለመደና ዛሬ እሳት በጣሊያን «ፉኦኮ»፣ በስፔን «ፉዌጎ»፣ በፈረንሳይ «ፈ» ነው፤ ሁሉም የምድጃው ልጆች። «ኢግኒስ» እንደ ግዕዙ «ከልብ» ሆነ፣ ከዕለት ንግግር ወጣ። ፈረስም እንዲሁ፦ «ኤኩውስ» ቀርቶ «ካባሉስ» የሚባለው፣ ለጭነት ፈረስ የሚነገረው ቃል፣ ነገሠ። ይህን የትኛውም የድምፅ ሕግ አይነግራችሁም። ሰው ምድጃ ዳር ቁጭ ብሎ ያወራው ነው። ስለዚህ ቋንቋ ፈጣሪው በእያንዳንዱ ቃል ላይ ይቆማል፦ ሕዝቤ የትኛውን ይዞ የትኛውን ጥሎ ይሆን? እዚህ ላይ ሒሳብ ሠሪነቱ ያበቃና ታሪክ ጸሐፊ ይሆናል፤ ሕዝቡ ከማን ጋር እንደተጋባ፣ ከማን ጋር እንደነገደ፣ ማንን እንደፈራ ማሰብ አለበት። ለዚህ ነው እነብሪቴኒግ ሳይፈለግ ዓለም የወለዱት። ስሚዝና ጓደኞቹ ቋንቋዎቹ የሚነገሩበት ሙሉ ምናባዊ ታሪክ ሠርተዋል፣ ነገሥታት፣ ድንበርና ጦርነት ያለበት።

እስቲ ፊደላችንን እንመልከት። ግዕዝ 26 ፊደላት አሉት። አማርኛ ሊጻፍ ሲል ሰባት ተጨመሩ፦ ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ። ቅርጻቸውን ልብ ብላችሁ እዩት። ሸ ማለት ሰ ነው፣ ራሱ ላይ ምልክት ተጨምሮ። ቸ ከተ፣ ኘ ከነ፣ ዠ ከዘ፣ ጀ ከደ፣ ጨ ከጠ፣ ኸ ከከ። ያ ስሙ ያልደረሰን ጸሐፊ አዳዲሶቹ ድምፆች ከየትኛው እንደተወለዱ በጆሮው ሰምቶ ነው የቀረጻቸው፤ የልጁ ፊት ከእናቱ ፊት ጋር አንድ ነው። የግዕዙ «እድ»፣ የዕብራይስጡ «ያድ»፣ በአማርኛ «እጅ» ነው። የግዕዙ «ኮነ» በአማርኛ «ኾነ» ሆኖ አሁን «ሆነ» ተብሏል። ሕጉን በሥራ ላይ ለማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ እናቶቻችሁን ስሙ። ለወንድ ልጅ «ውሰድ»፣ ለሴት ልጅ «ውሰጂ»። «ክፈት»፣ «ክፈቺ»። «ልበስ»፣ «ልበሺ»። «ያዝ»፣ «ያዢ»። «ዘፍን»፣ «ዘፍኚ»። የመጨረሻዋ «ኢ» ከፊቷ ያለውን ድምፅ ወደ ላንቃ ትጎትተዋለች።

ላቲንም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። «ዲዩርኑም» በጣሊያን «ጆርኖ» ሆነ፣ ቀን ማለት ነው፤ «ሆዲዬ» «ኦጂ» ሆነ፣ ዛሬ ማለት ነው። «ደ» ወደ «ጀ»፣ «ውሰድ» ወደ «ውሰጂ» እንደሄደው። «ዊኔያ»፣ የወይን እርሻ፣ «ቪኛ» ሆነ። ስፔኖች ለዚህ «ኘ» ፊደል ሲያጡ ምን አደረጉ መሰላችሁ? የላቲኑን «ን» ወስደው ራሱ ላይ ትንሽ ጭረት ጨመሩ። ኛቸው የተሠራችው እንደ ኛችን ነው፤ አንዱ ሌላውን ሳያይ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። ቄሶቻችን ኦሪትን የሚያነቡበት ግዕዝ የአማርኛ እናት ነው ሲባል እንሰማለን፤ ብዙ ሊቃውንት ግን እናት ሳይሆን አክስት ትመስላለች ይላሉ። የቅርብ ዘመድ ናት፣ የድሮውን ድምፅ ጠብቃ ያቆየች፣ አማርኛ ግን በቀጥታ ከእርሷ አልወጣም። ላቲንና ጣሊያንኛ እንዳላቸው ዓይነት ዝምድና አይደለም።

እና «የተበላሸ» የሚባለው ቋንቋ የቱ ነው? አማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀን አንድ አድርጎ ሲጠራ፣ አ እና ዐን ሲያደባልቅ፣ የግዕዝ አዋቂው ተበላሸ ሊል ይችላል። የዛሬው የእስራኤል ዕብራይስጥም በብዙ ሰው አፍ አሌፍና ዓይንን አንድ አድርጓል፣ ቴትና ታቭን አንድ አድርጓል። ለዚህ ነው ልጆች በሁለቱም ቋንቋ ጽሕፈት ላይ የሚሳሳቱት አንድ ዓይነት ስሕተት የሆነው። ከትግራይ የመጡት አያቶች ግን ትግርኛቸው ሐንና ዐን ስለያዘላቸው «ሐሜሽ»ን ከጉሮሮ ያወጡታል፣ እንደ የመን አይሁድ። አማርኛ ተናጋሪ አባቶቻችን ደግሞ «ሚጽቫ» ሲሉ ጽን አፈንድተው ነው የሚሏት፤ ክፍል ውስጥ በዚህ የታረሙ አሉ፣ የተሳቀባቸውም አሉ። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት የጥንቱ ዕብራይስጥ ጻዲ ከኛዋ ጽ ጋር ይቀራረብ ነበር ይላሉ። አራሚዋ የያዘችው አዲሱን አነጋገር ነበር፣ የታረመው ሰውዬ ወደ ጥንቱ የሚቀርበውን። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሳቁ ነው ቦታ ያጣው።

ሰዓት እየሄደ ነው፣ አንድ ነገር ልጨምር። ላቲን የጠፋበት አገር ብሪታንያ ብቻ አይደለም። በሰሜን አፍሪካ ከሮማውያን ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ ከዓረቦች መምጣትም በኋላ፣ ይነገር ነበር። አል-ኢድሪሲ የሚባለው የካርታ ሊቅ በ1154 በሲሲሊ ንጉሥ ቤት በጨረሰው መጽሐፉ ላይ፣ የዛሬዋ ቱኒዝያ ውስጥ ስላለችው ስለ ጋፍሳ ሲጽፍ፣ አብዛኛው ነዋሪ «የአፍሪካ ላቲን» ይናገራል ይላል። እሱን ማንም አልፈጠረውም፣ ሰዎች አፋቸውን ፈትተውበታል፣ በገበያ ተከራክረውበታል፤ የተጻፈ መጽሐፍ ግን አልተረፈልንም። የቀሩት በአማዚግ ቋንቋ ውስጥ የተሸሸጉ ቃላት ናቸው። ጎረቤታችሁ የሞሮኮ ሰው ካለ ስለ «የናይር» ጠይቁት፤ የአማዚግ አዲስ ዓመት ነው፣ ስሙም የላቲኑ «ያኑዋሪዩስ»፣ ጥር ነው። እንደ ዌልሽ ቃላት ሁሉ እነዚህም ያለፉበትን መንገድ በላያቸው ላይ ይዘዋል። የጋፍሳን ወፍጮ ለመሥራት የሚነሣ ሰው ከመጣ እህሉ አለ።

በሉ፣ እናንተም አንድ ሥራ አላችሁ። «ወ» እና «የ» የተለዋወጡባቸውን፣ እኔ ያልጠራኋቸውን ቃላት ቤት ውስጥ ፈልጉና በመልእክት ላኩልን። አያቶቻችሁን ጠይቁ፣ ከኛ በላይ ያውቃሉ። በሚቀጥለው ክፍል እናነባቸዋለን። ሰላም ሁኑ።